ፀጉር ሠሪዋ ከቶኪዮ

ቅዳሜ ማታ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል፣ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚበትን ሰው ያለ ነው የሚመስለው። መብራት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የለም። ደግነቱ ላፕቶፔን ቀን ሞልቼዋለሁ። እማዬ ቡና እየቆላች ነው። አክስቴ ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን ወርውራ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላለች። ጎረቤታችን አዴ "አቦሏን ብቻ ቀምሼ እሄዳለሁ" ብለው ገብተዋል፤ በረካውን ሳይጠጡ እንደማይነሱ እሳቸውም እኛም እናውቃለን። እኔ የጃፓን ፊልም ከፍቻለሁ። ጥቁርና ነጭ።

"ዛሬ ደግሞ ማን ሊሞት ነው?" አለች እማዬ ከከሰሉ ቀና ብላ።

የድሮ የጃፓን ፊልም ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ ሠላሳ ምናምን ፊልም ገልብጦ ሰጠኝ። ካራቴ ነው ብዬ ከፈትኩት። ካራቴ የለም። ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ተነስቶ ይሄዳል። ልዘጋው ስል አንዲት ሴትዮ እየተጣደፈች ገባች፣ ቁጭ አለች፣ ወሬ ጀመረች፣ ቤቱ በአንዴ ሰው ያለበት ቤት ሆነ። አልዘጋሁትም። ከዚያ ወዲህ የእሷን ፊልም እያደንኩ ነው የማየው ማለት ይቻላል። ስሟ ሀሩኮ ሱጊሙራ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ መቀነስና መደመሩ ሰንፎኛል።)

መሪ ተዋናይት አይደለችም። ቢያንስ ብዙ ሰው በሚያውቃቸው ፊልሞች ላይ አይደለችም። እዚያ አክስት ናት፣ ጎረቤት ናት፣ የሙሽራው እናት ናት፣ የኑድል ቤት ባለቤት ልጅ ናት። ዋናዋ ቆንጆ ሴትሱኮ ሃራ ናት፣ የምታለቅሰውም የምትዳረውም እሷ ናት። ሱጊሙራ በር ከፍታ ትገባለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትወጣለች። እኛ "ረዳት ተዋናይት" የምንለው ነው። ቃሉን ሳስበው ሁሌ ታክሲ ነው የሚመጣብኝ። ረዳት ማለት እኮ እኛ ሀገር በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው ነው። ሾፌሩን ማን ያስታውሰዋል? የምንጣላውም፣ የምንስቀውም፣ መልስ የምንቀበለውም ከረዳቱ ጋር ነው፤ እሱ "ሂድ!" ብሎ በሩን ካልመታ መኪናው አይንቀሳቀስም። ሱጊሙራ በዚህኛው ትርጉም ረዳት ናት ብትሉኝ እስማማለሁ።

ለማንኛውም ያን ቀን የከፈትኩት በ1953 የወጣውን "የቶኪዮ ታሪክ" ነበር፣ የዳይሬክተሩን የያሱጂሮ ኦዙን። ታሪኩ እኛ ጋ ቢሠራ ማንም አይገረምም። ኦኖሚቺ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይሄዳሉ፤ ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ተነስቶ አዲስ አበባ ልጅ ቤት እንደመሄድ በሉት። ትልቁ ልጅ ሐኪም ነው፣ በሽተኛ ይጠራዋል። ሴቷ ልጅ ሺጌ ፀጉር ቤት አላት። ሌላው ወንድ ልጅ ጦርነት ሄዶ በዚያው ቀርቷል፣ ሚስቱ ኖሪኮ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ፎቶውን አልጣለችም። ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። ጊዜ የሰጠቻቸው ያቺ ምራት ናት። እሷን የምትሠራው ሴትሱኮ ሃራ ስትሆን ሺጌን የምትሠራው የእኔዋ ሴትዮ ናት።

እኔ ከሥር የሚሄደውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ እናገራለሁ። አዴ ያልገባቸውን አክስቴ በኦሮምኛ ትጨምርላቸዋለች። ስለዚህ አንድ የጃፓን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ቋንቋ አቋርጦ ነው አዴ ጋ የሚደርሰው። ሲደርስ ሴትዮዋ ሌላ ክፍል ገብታለች።

መጀመሪያ ኬኩ መጣ። የሺጌ ባል ለአማቶቹ ብሎ ጥሩ ኬክ ገዝቶ ይገባል። እሷ "ይኼ ውድ ነው፣ ለእነሱ የሩዝ ብስኩት ይበቃቸዋል" ትለዋለች። እና እዚያው ቆማ ከኬኩ አንዱን ራሷ ትበላለች። ይጣፍጣል አለች። እማዬ ምጣዱን ይዛ ቀረች።

"ምን ዓይነቷ ናት እቺ?"

ቀጥሎ የባሰው መጣ። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቹን አታሚ የሚባል የፍል ውሃ መዝናኛ ይልኳቸዋል፣ ከቤት ዞር እንዲሉ ነው ዋናው። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራ ነው፣ እንቅልፍ የለም። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ይመለሳሉ። ሺጌ ደንበኛ ላይ እጇን እንደጫነች በሩ ይከፈታል፣ እናትና አባት ይገባሉ። ደንበኛዋ "እነማን ናቸው?" ትላለች።

"የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ከገጠር" አለች ሺጌ።

ይህቺን ስተረጉም ድምፄ ራሱ ትንሽ ወረደ። እማዬ "ወይ ጉድ! እናቷን?" አለች። አዴ ሲደርሳቸው "ያ ረቢ!" አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ። አክስቴ ዝም አለች። ቆይታ ግን፦

"ደንበኛ ፊት እኮ ነው" አለች።

"እና ደንበኛ ፊት እናት ይካዳል?"

"አልካደችም እትዬ። አሳጠረችው። እናቴ ናት ብትል ደንበኛዋ 'ውይ፣ ነይ ተነሺ፣ አስተናግጃቸው' ትላለች። ያኔ የጀመረችው ፀጉር ምን ይሁን? ሌሎቹ ተሰልፈዋል። ማታ ደግሞ ቤቷ ስብሰባ አለባት አላለችም እንዴ?"

ብላለች። የሰፈሩ ፀጉር ሠሪዎች ስብሰባ የዚያኑ ዕለት ማታ እሷ ቤት ነበር፣ ሽማግሌዎቹም ያልተጠበቁት ለዚህ ነው። ይህን እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው ልብ አላልኩትም። አክስቴ ግን ጅማ ውስጥ ፀጉር ቤት ከከፈተች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አንዷ ካስክ ውስጥ፣ አንዷ ቢጎዲን ጠምጥማ፣ አንዷ ሹሩባ ልትሠራ መሬት ቁጭ ብላ፣ አንዷ "ሠርግ አለብኝ" እያለች በር ላይ ቆማ፣ በዚያ መሃል መብራት ጠፍቶ፣ በዚያ መሃል እማዬ "እንጀራ አልቋል፣ ስትመጪ ያዢ" ብላ ደውላ። አክስቴ ለሺጌ ስትከራከር ለማን እንደምትከራከር እማዬም ገብቷታል፤ ክርክሩን ያበረደችው ለዚያ ነው መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ገረመኝ። ፊልሙ በ1953 ተሠርቶ፣ በሌላ ዓለም፣ ተዋናይቷ ሙያዋ ፀጉር ሥራ ያልሆነ፣ አክስቴ ግን ለአፍታ እንኳ "ይህቺ ሴት ታስመስላለች" አላለችም። "አያያዟን እዪው፣ ሙያተኛ ናት" ነው ያለችው።

እንግዲህ ስለ ሴትዮዋ ትንሽ ልበል።

የተወለደችው ሂሮሺማ ነው፣ ያደገችውም እዚያው በአንድ የጣውላ ነጋዴ ቤት በማደጎ። ፍላጎቷ ዘፋኝ መሆን ነበር። ቶኪዮ የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ወደቀች። በ1927 ወደ ቶኪዮ ሄዳ ጹኪጂ የሚባለው ትንሽ ቴአትር ቤት ገባች። የዚያን ጊዜ የጃፓን ወጣቶች የአውሮፓ ዓይነት አዲስ ድራማ የሚሞክሩት እዚያ ነበር። በ1937 ቡንጋኩዛ የሚባለው የቴአትር ቡድን ሲመሠረት ከጀማሪዎቹ ነበረች፣ እስክትሞትም ከዚያ አልወጣችም። ስድሳ ዓመት! በመሃል ቡድኑ ተሰንጥቋል፤ በ1963 ብዙ ተዋንያን በአንድ ጊዜ ጥለው ወጡ፣ በዚያው ዓመት ደራሲው ዩኪዮ ሚሺማም ድርሰቱ አይቀርብም ሲባል ተቆጥቶ ወጣ። እሷ ቀረች።

ስለዚህ ፊልም ለእሷ ሁለተኛ ሥራዋ ነበር። እኛ "ረዳት" የምንላት ሴት መድረክ ላይ ንግሥት ናት። በተለይ "የአንዲት ሴት ሕይወት" የሚባል ድራማ አለ፣ ካኦሩ ሞሪሞቶ የጻፈው። መጀመሪያ የታየው በሚያዝያ 1945 ነው። ቶኪዮ በአውሮፕላን ቦምብ በሚቃጠልበት ወር ማለት ነው፣ እና ሰው ቴአትር ሊያይ ይመጣል። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ያደገችባት ሂሮሺማ ያ የምናውቀው ነገር ወረደባት። ደራሲው በ1946 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እሷ ግን ድራማውን ለብዙ ዓመታት ስትይዘው ኖራ፣ ከልጃገረድነት እስከ እርጅና ያለችውን ያቺኑ አንዲት ሴት ከ900 ጊዜ በላይ ሠራቻት። ይህን ሳነብ ሒሳብ ጀመርኩና ተውኩት። ዘጠኝ መቶ ጊዜ አሥራ ምናምን ዓመት ልጅ መሆን፣ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ማርጀት።

ኦዙ ፊልሞች ላይ ስቆጥር ዘጠኝ ጊዜ አገኘኋት። የሚያስቀው ነገር፣ በ1949ኙ "ዘግይቶ የመጣ ጸደይ" ላይ ቺሹ ሪዩ የሚባለው ተዋናይ ወንድሟ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ "የቶኪዮ ታሪክ" ላይ ያው ሰውዬ አባቷ ሆኖ ይመጣል። ሰውዬው ያኔ ገና 49 ዓመቱ ነበር፣ ከእሷ ብዙም አይበልጥም። ግን ፊልሙን ሳይ አንድም ጊዜ አልተጠራጠርኩም። እሷ ስታናግረው "አባቴ አስቸገረኝ" የምትል የሰለቻት ልጅ ድምፅ አላት። እሱን ያስረጀው ሜካፑ ብቻ አይደለም፣ የእሷ አነጋገርም ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልተናገርኩ አይሆንም። ሃይስኩል ሳለሁ ድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። የተሰጠኝ የሠራተኛ ቦታ ነው። ትሪ ይዤ እገባለሁ፣ "እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል" እላለሁ፣ እወጣለሁ። አለቀ። ሦስት ሳምንት ተለማመድኩት። በዕለቱ ትሪዬን ይዤ ገባሁና አዳራሹን አየሁ። ከፊት ወንበር እማዬና አክስቴ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ስኒው ወደቀ፣ "እመቤቴ፣ እንግዳው ተሰበረ" አልኩ። እስከ ዛሬ ቤታችን ዕቃ በወደቀ ቁጥር እንግዳው ተሰበረ ይባላል። ትንሽ ቦታ ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ትሪውን እሰጠዋለሁ። መሪ ተዋናይ ቢሳሳት የሚያስተካክልበት አንድ ሰዓት አለው። አንቺ ግን አንድ ደቂቃ ነው ያለሽ፣ በዚያች ደቂቃ ሙሉ ሰው ሆነሽ መግባት አለብሽ፤ ከመምጣትሽ በፊት የት እንደነበርሽ፣ ምን ጥለሽ እንደመጣሽ፣ ምን ያህል እንደቸኮልሽ ፊትሽ ላይ መታየት አለበት።

ሱጊሙራ ይህን የምታደርገው በእጇ ይመስለኛል። ሌሎቹ ተቀምጠው ሲያዝኑ እሷ አንድ ነገር እየሠራች ነው። "ዘግይቶ የመጣ ጸደይ" ላይ ወንድሟ ያላገባች ልጅ አለችው፣ እና ባል የምትፈልግላት እሷ ናት። ከወንድሟ ጋር አንድ ትልቅ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ እየሄዱ ሳለ መሬት ላይ የገንዘብ ቦርሳ ታገኛለች። ብድግ ታደርገዋለች። ገዱ ቀናን፣ ጋብቻው ይሰምራል ትላለች። ወንድሟ ለፖሊስ ስጪ ሲላት እሰጣለሁ ትላለች፣ ግን ቦርሳውን ኪሞኖዋ ውስጥ ትሸጉጣለች። ፖሊስ ከወዲያ ብቅ ሲል ፈጠን ፈጠን ብላ ደረጃውን ትወጣዋለች። አዴ በዚህ ነገር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "መርካቶ ናት!" አሉ። የእኛን ሄርማታ መርካቶ ማለታቸው ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ።

ግን እዚያው ፊልም መጨረሻ ላይ ልጅቷ ተሞሽራ ከቤት ትወጣለች። ክፍሉ ባዶ ሆነ። አባትየው ወጣ፣ ሌሎቹም ወጡ። ሱጊሙራ ሻንጣና ጓዝ ይዛ ልትወጣ ስትል ትመለሳለች። ባዶውን ክፍል በፍጥነት አንድ ዙር ትዞረዋለች። የተረሳ ዕቃ እንዳለ ልታይ ነው። ከዚያ ትወጣለች። ቃል የለም፣ ጥቂት ሰከንድ ናት። እኔ ሳየው "የተረሳ ነገር" የሚለው ብቻ ነበር የገባኝ። እማዬ ግን ያኔ "እኔም ታላቅ እህትሽ የወጣች ቀን ዞሬያለሁ" አለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ ስጠይቃት "ምንም፣ ዝም ብዬ" አለችኝ።

ሌላ ልጨምር፣ ከዚህ በላይ ስለ ኦዙ አላወራም። በ1951 "የበጋ መጀመሪያ" ላይ ሚስቱ የሞተችበት የአንድ ሐኪም እናት ናት። ልጇ በማግስቱ ወደ ሩቅ አውራጃ ሊሄድ ነው። ጎረቤታቸው ኖሪኮ (ያቺው ሴትሱኮ ሃራ፣ ስሟም ያው ኖሪኮ) ልትሰናበት ትመጣለች። ሴትዮዋ እየፈራች "አትቆጪኝ፣ አንቺን የመሰለች ለልጄ ብትሆን ብዬ አልም ነበር" ትላታለች። ልጅቷ እሺ ትላለች። በቃ እሺ። ሱጊሙራ አታምንም፣ እውነት? እውነት? ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ደስታው የሚገባበት ቦታ ያጣል፣ ከዚያ ድንገት ዞር ብላ "ዳቦ ትበያለሽ?" ትላታለች። በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ ትንሽ ዳቦ ነው። ምራቷን ያገኘች ሴት መጀመሪያ የመጣላት ነገር ዳቦ! እማዬ "ታዲያ ምን ትበላት? ልክ ናት" አለች። በእኛ ቤት ደስታም ለቅሶም በምግብ ስለሚጀምር ይህ ትዕይንት ምንም ትርጉም አላስፈለገውም።

"እንደምን አደራችሁ" የሚለው የ1959 ቀለም ያለው ፊልም ደግሞ ስለ እድር ነው ብላችሁ አትሳሳቱም። የሰፈሩ ሴቶች በየወሩ መዋጮ ያዋጣሉ፣ መዋጮው የደረሰበት ጠፍቷል፣ ሱጊሙራ ደግሞ ሰሞኑን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታለች። በቃ፣ ሐሜቱ ተነሳ። ኋላ ሲታወቅ ገንዘቡን የተቀበሉት አሮጊት እናቷ ናቸው፣ ለእሷ መንገሩን ረስተውት። እማዬ የእድር ገንዘብ ያዥ ሆና ስለምታውቅ ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሱጊሙራ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ ፊቷ ላይ ይቅርታም ንዴትም አለ፣ ሁለቱም እኩል።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ባትሪው 40 ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። እናትየው በጠና ታማለች የሚል ቴሌግራም ቶኪዮ ይደርሳል። ሺጌና ሐኪሙ ወንድሟ ለመሄድ ይነጋገራሉ። ሊነሱ ሲሉ ሺጌ ትጠይቃለች፦ የሐዘን ልብስስ? እንያዝ ወይስ አንያዝ? ይዘን እንሂድ፣ ካላስፈለገ ደግ ነው።

"አሟረተች!" አለች እማዬ። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አነሳችና መልሳ አስቀመጠች። "ገና በሕይወት እያለች! ጥቁር ልብስ ይዞ የታመመ ይጠየቃል?"

እዚያ ደረሱ። ሐኪሙ ልጅ እስከ ነገ አታነጋም ብሎ በቀስታ ይነግራቸዋል። ሺጌ በአንድ ጊዜ ታለቅሳለች፣ እንደ ሕፃን፣ ፊቷን ሸፍና። ማስመሰል የለውም። እማዬ እንኳ ዝም አለች። ከዚያ እናትየው ትሞታለች፣ ያለቅሳሉ፣ ሺጌ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ኖሪኮ ትዞራለች፦ የሐዘን ልብስ ይዘሻል? ኖሪኮ አልያዘችም። ጥሩዋ ኖሪኮ፣ የሁሉም አንጀት የበላት ኖሪኮ፣ አልያዘችም። ከቀብሩ በኋላ ምሳ ላይ ደግሞ ሺጌ የእናቷን መቀነትና ቀሚስ ለማስታወሻ ትጠይቃለች፣ ሩዙን እየበላች፣ ከዚያ ባቡር እንዳያመልጣት ትነሳለች።

"አሁንስ ምን ትያለሽ?" አለች እማዬ ወደ አክስቴ።

አክስቴ ጉልበቷን ታሽ ነበር። ቀን ሙሉ ስለምትቆም ያብጥባታል።

"እናታችን የታመመች ጊዜ" አለች፣ "አጋሮ ስልክ ሲደወል እኔ ሱቅ ነበርኩ። ቤት ገባሁና ፌስታል ውስጥ ጥቁር ነጠላ ከተትኩ። ከታች። ከላይ ብርቱካንና ስኳር አደረግኩበት።"

እማዬ አየቻት።

"ሁለት ነው የያዝኩት" አለች አክስቴ። "አንቺ እንደማትይዢ አውቅ ነበር።"

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እማዬም አታውቅም ነበር፣ ፊቷ ላይ ይታያል። አያቴ ስትሞት እማዬ ለብሳው የነበረው ጥቁር ነጠላ እስከ ዛሬ ሣጥኗ ውስጥ አለ፣ ከዚያው ከአጋሮ ጎረቤት የተዋስኩት ነው እያለች ስትናገር ነው የማውቀው፣ እንዲያውም ሳልመልስ ቀረሁ እያለች ትቆጭ ነበር። አዴ የገባቸው ይመስለኛል፣ ማንም ሳይተረጉምላቸው። "አንቺ፣ ቡናው ፈላ" አሉና ወሬውን አስቀየሩት። ቶናው ያን ቀን ትንሽ አርሯል።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አክስቴ ከሥራ ስትመጣ "ፀጉር ሠሪዋን ክፈቺ" ነው የምትለኝ። ስሟን ብነግራትም አልያዘችውም። "ፀጉር ሠሪዋ ዛሬ ደግሞ ምን ሆና መጣች?" ትላለች።

ዛሬ ደግሞ አራጣ አበዳሪ ሆና መጣች። በ1954 የሚኪዮ ናሩሴ ፊልም፣ "የመኸር መጨረሻ አበቦች"። ይህኛው ላይ ረዳት አይደለችም፣ ፊልሙ የእሷ ነው። ድሮ ጌይሻ (ግብዣ ላይ በዘፈንና በጭፈራ እንግዳ የምታጫውት) የነበረች፣ አሁን ብር እያበደረች ወለድ የምትሰበስብ ሴት። የድሮ ጓደኞቿ ቤት ሳይቀር ሄዳ ታንኳኳለች። አንድ ቀን ድሮ የወደደችው ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ትቆነጃለች፣ ቤቱን ታስተካክላለች፣ መጠጥ ታስቀርባለች። ሰውየው ተቀመጠ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ብር አበድሪኝ አለ። ፊቷን ማየት ነው። ደስታዋ ከፍ ካለበት ቀስ ብሎ ሲወርድ ታዩታላችሁ፣ ሳትጮህ። በመጨረሻ የሰውየውን ፎቶ አውጥታ ታቃጥለዋለች። አክስቴ፦ "ደግ አደረገች። ብሩንም አልሰጠችውም አይደል?" አልሰጠችውም። "ጎበዝ።"

ሌላ ቀን የሴተኛ አዳሪ ቤት አሮጊት ሆና መጣች፣ የ1965ቱ "ቀይ ጢም" ላይ፣ የአኪራ ኩሮሳዋ። አንዲት የታመመች ትንሽ ልጅ ከቤቷ ያስጥሏታል፣ ልትመልሳት ሆስፒታሉ ድረስ ትመጣለች፣ የወጥ ቤቱ ሴቶች ያን ትልቅ ነጭ የጃፓን ፍጅል እያነሱ ይወግሯታል። አዴ ደስ አላቸው። አክስቴ ግን ቅር አላት፣ "ፀጉር ሠሪዋን እንዲህ አይመቷትም" ብላ። ይህቺ ሌላ ሰው ናት ብላት አልሰማችኝም። በ1946 ያው ኩሮሳዋ "ለወጣትነታችን ጸጸት የለንም" በሚለው ላይ የገበሬ እናት አድርጓት ነበር፣ ልጇ በሰላይነት ተከሶ እስር ቤት የሞተባት፣ መንደሩ ያገለላት፣ ከምራቷ ጋር ጭቃ ውስጥ ሩዝ የምትተክል። ሃያ ዓመት በመሃል አለ፣ ሁለቱ ሴቶች ዘመድ እንኳ አይመስሉም።

በ1995 የጃፓን መንግሥት ትልቁን የባህል ኒሻን ሊሰጣት አለ። አልቀበልም አለች። በዚያው ዓመት ካኔቶ ሺንዶ የሠራው "የከሰዓት ኑዛዜ" ወጣ፤ ያረጀች የመድረክ ተዋናይት ሆና የሠራችበት ነው፣ ራሷን ማለት ይቻላል። አብራት የሠራችው የሺንዶ ባለቤት ኖቡኮ ኦቶዋ ፊልሙ ሳይታይ በ1994 መጨረሻ ሞተች። ያን ፊልም ሙሉውን እስካሁን አላሳየኋቸውም፣ ለቅዳሜ ቡና ይከብዳል።

ባለፈው ሳምንት ግን አክስቴን ሱቋ ሄጄ ፀጉሬን እየሠራችኝ ሳለ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሂሮሺማ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ዘጠኝ መቶው ጊዜ፣ ስለ ኒሻኑ። በማበጠሪያው ጫፍ እየከፈለች ትሰማኛለች፣ "እህ" ትላለች፣ ከኋላ አንዷን ደንበኛ ካስክ ውስጥ አስገብታ ትመለሳለች፣ "እህ፣ ከዚያስ" ትላለች። እንዳረፈች ነገርኳት፣ በሚያዝያ 1997፣ እስከ መጨረሻው ስትሠራ ኖራ።

እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ።

"አይ" አለች። "ፀጉር ቤቱን ታዲያ ማን ያዘው?"